ግጥም ሰጪው ማን ነው? ስለ ስውር ገንዘብና ስለ አሜሪካ የምርጫ ማስታወቂያ

ርእሳችን ደረቅ ይመስላል። ደረቅነቱን ትንሽ ለማርጠብ ከአዝማሪ ቤት ልጀምር።

አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ በጠረጴዛዎቹ መሃል ይዞራል። አንዱ ታዳሚ «ተቀበል!» ይላል፤ አዝማሪው ጆሮውን ይሰጣል፤ ስንኙን ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል። ስንኙ አንዳንዴ ምስጋና ነው፣ አንዳንዴ ማዶ ለተቀመጠ ሰው የተላከ ነቆራ። ግጥም ሰጪው ተነሥቶ ብሩን አዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። የተነቆረው ሰውዬ ዞር ብሎ ያያል፣ ማን እንደላከበት ያውቃል፣ እሱም በተራው «ተቀበል!» ብሎ መልሱን ይልካል። የጨዋታው ውበት ነቆራው አይደለም፤ መልስ መኖሩ ነው።

አሁን በዚያ ቤት መሃል መጋረጃ ተጋርዷል እንበል። ስንኙ ከመጋረጃው ጀርባ ይመጣል፣ ብሩም ከመጋረጃው ጀርባ ይመጣል። አዝማሪው ሌሊቱን ሙሉ አንድን ሰው ብቻ ይነቁራል። ተነቋሪው ቢዞር የሚያየው ጨርቅ ነው። ለማን ይመልስ?

ዛሬ የምነግራችሁ ይህ መጋረጃ በአሜሪካ ምርጫ እንዴት እንደተጋረደ ነው። ብዙዎቻችን እዚህ አገር ዜግነት ወስደናል፣ ድምፅ እንሰጣለን፤ ስለዚህ ነገሩ የሌላ ሰው ጉዳይ አይደለም። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መስከረምና ጥቅምት ላይ ቴሌቪዥን ስትከፍቱ የሚመጣውን አስታውሱ። ምስሉ ደብዝዞ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ሴናተሩ አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ባላማረበት ቅጽበት የተነሣው ፎቶ ይመጣል። ወፍራም ድምፅ ጥፋቱን ይዘረዝራል። 30 ሰከንዱ ሊያልቅ ሲል ከታች ደቃቅ ጽሑፍ ብቅ ብሎ ይጠፋል፤ ወጪውን የሸፈነው እገሌ የተባለ ድርጅት ነው፣ የትኛውም ዕጩ አልፈቀደውም ይላል። ዕጩው ራሱ የከፈለበት ማስታወቂያ ቢሆን ኖሮ ከ2002 ወዲህ ባለው ሕግ በገዛ አንደበቱ «ይህን መልእክት አጽድቄዋለሁ» ማለት ነበረበት። ይኼኛው የዕጩው አይደለም፣ የፓርቲውም አይደለም፤ የሦስተኛ ወገን ነው። የድርጅቱ ስም ግን ሁልጊዜ ያማረ ነው፤ ነፃነት፣ ሥራ፣ ቤተሰብ፣ የተሻለ ነገ የሚሉ ቃላት ተገጣጥመውበታል። ስሙን ይዛችሁ ባለቤቱን ብትፈልጉ ብዙ ጊዜ የምታገኙት የፖስታ ሣጥን ቁጥርና የአንድ ጠበቃ ፊርማ ነው።

ሰው ይህን ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እንዴት ሕጋዊ ይሆናል?» ብሎ ነው። ሁለት ነገር ለይተን እንያዝ። አንደኛው ማስታወቂያውን መክፈል ነው፤ ሁለተኛው የከፋዩን ስም መሰወር ነው። ሁለቱ በአንድ ፍርድ የተፈቀዱ ይመስለናል። አይደሉም። መክፈሉን የፈቀደው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያው ፍርድ ስም ይገለጥ የሚለውን ሕግ ደግፏል። እንዴት እዚህ እንደተደረሰ ከሥሩ ልንገራችሁ።

ከዋተርጌት ቅሌት በኋላ፣ በ1974፣ ኮንግረስ የምርጫ ገንዘብ ሕጉን አጠበቀ። ለዕጩ በሚሰጠው ላይ ጣሪያ አበጀ፤ ዕጩውም ሆነ ሌላው ሰው በሚያወጣው ላይ ጣሪያ አበጀ፤ ሕጉን የሚያስፈጽም የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽንንም አቋቋመ። ጉዳዩ ወዲያው ፍርድ ቤት ደረሰ። በጥር 1976 በክሊ እና ቫሊዮ በተባለው መዝገብ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን ከሁለት ከፈለው። ለዕጩ እጅ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ ሙስናን ሊወልድ ስለሚችል ጣሪያው ይቆይ አለ። ከዕጩው ጋር ሳይመክር ለብቻው የሚያወጣው ሰው ግን ሐሳቡን እየገለጸ ነው፤ እሱ ላይ ጣሪያ መጣል የመናገር ነፃነትን መንካት ነው ብሎ ሻረው። የሦስተኛ ወገን ማስታወቂያ ሕጋዊ መሠረቱ ይህ ነው፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆሟል።

ፍርድ ቤቱ አንድ ነገር ጨመረ። ሕጉ የሚይዘው የትኛውን ማስታወቂያ ነው? «ምረጡ»፣ «ደግፉ»፣ «አትምረጡ»፣ «ጣሉት» የሚሉ ግልጽ ቃላት ያሉበትን ብቻ ነው ብሎ ቃላቱን በግርጌ ማስታወሻ ዘረዘረ። የሕግ ሰዎች «አስማተኛ ቃላት» ይሏቸዋል።

እናንተ ቅኔ የምታውቁ ሰዎች የሚከተለውን ገምታችሁታል። ማስታወቂያ ሠሪው «ሴናተሩን አትምረጡ» ማለቱን ተወ። በምትኩ «ወደ ሴናተሩ ቢሮ ደውሉ፣ በግብራችን መጫወት ይብቃህ በሉት» አለ። ሰሙ ስልክ ደውሉ ነው፤ ወርቁ ጣሉት ነው። ሕጉ ግን ቅኔ ቤት አልገባም፤ የሚሰማው ሰሙን ብቻ ነበር። ምርጫው ሦስት ቀን ሲቀረው «ደውሉ» የሚል ማስታወቂያ የፖሊሲ ትምህርት ተብሎ ያልፋል፣ ከፋዩም ስሙን ለማንም አይሰጥም።

በ2002 ሴናተር ማኬይንና ሴናተር ፋይንጎልድ ያስወጡት ሕግ ወርቁን ለማግኘት ሌላ መንገድ ፈለገ፤ ቃሉን ትቶ ቀኑን ቆጠረ። ከዋናው ምርጫ በፊት ባሉት 60 ቀናት፣ ወይም ከፓርቲ ውስጥ ምርጫ በፊት ባሉት 30 ቀናት፣ በቴሌቪዥን ወይም በሬዲዮ የዕጩን ስም ጠርቶ 50,000 ሰው ዘንድ ሊደርስ የሚችል ማስታወቂያ «የምርጫ ሰሞን ማስታወቂያ» ተባለ። ንግድ ድርጅቶችና የሠራተኛ ማኅበራት ከካዝናቸው እንዳይከፍሉለት ተከለከሉ፤ ሌላውም ከ10,000 ዶላር በላይ ካወጣ እንዲያስመዘግብ ታዘዘ።

ከዚያ 2008 መጣ። ሲትዝንስ ዩናይትድ የተባለ ወግ አጥባቂ ድርጅት ሂላሪ ክሊንተንን የሚተች ፊልም ሠርቶ በኬብል ቴሌቪዥን ሊያሳይ ፈለገ፤ ሕጉ እንዳያግደው ከሰሰ። ፍርዱ ጥር 21 ቀን 2010 ሲወጣ ከፊልሙ እጅግ የሰፋ ሆነ። ዳኛ አንቶኒ ኬኔዲ በጻፉት የ5 ለ4 ውሳኔ፣ ኩባንያም ሆነ የሠራተኛ ማኅበር ከዕጩው ጋር እስካልመከረ ድረስ የፈለገውን ያህል አውጥቶ ማስታወቂያ ሊያሠራ ይችላል ተባለ። ከሁለት ወር በኋላ የዋሽንግተን ይግባኝ ፍርድ ቤት ስፒችናው በተባለው መዝገብ፣ ለብቻቸው ለሚያወጡ ኮሚቴዎች የሚሰጠው ገንዘብም ጣሪያ አይኑረው ብሎ ወሰነ። ሱፐር ፓክ የምንለው የተወለደው ያኔ ነው።

የፍርዱን ሁለተኛ ክፍል ግን ጥቂት ሰው ብቻ ያስታውሰዋል። ስም ይገለጥ፣ ገንዘቡ ይመዝገብ በሚለው ሕግ ላይ ድምፁ 8 ለ1 ነበር፤ የተለዩት ዳኛ ክላረንስ ቶማስ ብቻ ናቸው። የኬኔዲ ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ኩባንያው ይናገር፣ ሕዝቡ ደግሞ ማን እንደተናገረ በኢንተርኔት ቶሎ ይወቅ፣ ከዚያ ራሱ ይፍረድ። ወደ አዝማሪ ቤታችን ስናመጣው፣ የስንኙ ብዛት አይለካ፣ ግጥም ሰጪው ግን ይታይ እንደማለት ነው።

ታዲያ ቀዳዳው የት ነው? ሦስት ቦታ ነው፤ አንዱም ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም።

የመጀመሪያው የታክስ ሕጉ ነው። 501 ሲ 4 የሚባል አንቀጽ ለማኅበራዊ ደኅንነት የሚሠሩ ድርጅቶችን ከግብር ነፃ ያደርጋል። የሕጉ ቃል እነዚህ ድርጅቶች «ብቻ» ለዚህ ዓላማ ይሥሩ ይላል። በ1959 የወጣው የግምጃ ቤቱ ደንብ ግን «ብቻ» የሚለውን «በዋናነት» ብሎ ተረጎመው። ይህችን አንዲት ቃል ልብ በሉልኝ። «በዋናነት» ማለት ለድርጅቶቹ ጠበቆች «ከግማሽ በላይ» ማለት ሆነ፤ የቀረው ግማሽ ለምርጫ ይውላል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ድርጅት የሰጪዎቹን ስም ለሕዝብ የመግለጽ ግዴታ የለበትም። ለታክስ መሥሪያ ቤቱ በምስጢር ሲሰጥ የነበረው የትላልቅ ሰጪዎች ስም እንኳ ከ2020 ወዲህ አይጠየቅም። የገቢና የወጪ ሪፖርቱም ቢሆን ድምፅ ከተሰጠ ከዓመት በኋላ ሊወጣ ይችላል።

ሁለተኛው «ዓላማ» የምትል ቃል ናት። የምርጫ ኮሚሽኑ በ2007 ባወጣው ደንብ፣ ኩባንያ ወይም ማኅበር የምርጫ ሰሞን ማስታወቂያ ሲያወጣ መግለጽ ያለበት ለዚያ ማስታወቂያ ዓላማ ብለው የሰጡትን ብቻ ሆነ። እናም ሰጪው «ለማስታወቂያው» አይልም፤ «ለድርጅቱ ጠቅላላ ሥራ» ብሎ ይሰጣል። ዶላሩ ያው ዶላር ነው፤ ቼኩ ላይ የተጻፈው ምክንያት ብቻ ተለወጠ።

ሦስተኛው ዳኛ የሌለው ሜዳ ነው። ምርጫ ኮሚሽኑ ስድስት መቀመጫዎች አሉት፤ ከአንድ ፓርቲ ከሦስት በላይ መሆን አይችሉም፤ ለማንኛውም ምርመራ አራት ድምፅ ያስፈልጋል። ሦስት ለሦስት ሲሆን ፋይሉ ይዘጋል። ከ2019 እስከ 2020 ደግሞ ለወራት የስብሰባ ምልዓት እንኳ አጥቶ ተቀምጧል።

እነዚህ ሦስቱ ሲገጣጠሙ የሚፈጠረውን ነገር ለማየት ራሳችንን እንመልከት። ከመሃላችን ታክሲ የሚነዳ ወንድማችን ለሚወደው ዕጩ 250 ዶላር ቢሰጥ፣ ከ200 ዶላር ስላለፈ ስሙ፣ አድራሻው፣ ሥራውና አሠሪው ሪፖርት ላይ ይሰፍራል፤ ስሙን ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ያገኘዋል። 10 ሚሊዮን ዶላር ለሲ 4 ድርጅት የሰጠ ሰው ግን የትም አይታይም። ድርጅቱ ገንዘቡን ለሱፐር ፓክ ቢያስተላልፍ፣ ሱፐር ፓኩ ሕጉን አክብሮ የሰጪውን ስም ይጽፋል፤ የሚጽፈው ግን የድርጅቱን ስም ነው። እንደ ሽንኩርት ነው፤ ብትልጡት ብትልጡት ልጣጭ ብቻ። ሕጉ የውጭ አገር ዜጋ በአሜሪካ ምርጫ ገንዘብ እንዳያወጣም ይከለክላል። ግሪን ካርድ ያለው መስጠት ይችላል፤ በተማሪ ቪዛ ያለ ልጃችን ግን አይችልም። መልካም። ነገር ግን ሰጪው ካልታወቀ የየት አገር ሰው እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ሽንኩርቱ አንድ ጊዜ እስከ ውስጥ ሲላጥ ታይቷል። ቦታው ካሊፎርኒያ፣ ጊዜው ጥቅምት 2012 ነው። ግብር ለመጨመር በቀረበው ሐሳብ 30 እና የሠራተኛ ማኅበራትን የፖለቲካ መዋጮ ለማዳከም በቀረበው ሐሳብ 32 ላይ ሕዝቡ ድምፅ ሊሰጥ ነው። በድንገት 11 ሚሊዮን ዶላር ከአሪዞና መጣ፤ የመጀመሪያውን ለመቃወምና ሁለተኛውን ለመደገፍ። ላኪው ማንም ሰምቶት የማያውቅ ድርጅት ነበር። የክፍለ ግዛቱ ተቆጣጣሪ አካል ስም አምጡ ብሎ ከሰሰ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለምርጫው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በእሑድ፣ መዝገባችሁን አስረክቡ ብሎ አዘዘ። ሰኞ ጠዋት፣ የምርጫው ዋዜማ ላይ፣ የአሪዞናው ድርጅት አመነ፤ ገንዘቡ የኔ አይደለም፣ ከሌላ ድርጅት ተቀብዬ ነው አለ። ያም ከሌላ ተቀብሎ ነበር። በአንድ ቼክ ጀርባ ሦስት ድርጅት ተሰልፎ ተገኘ። ካሊፎርኒያ ነገሩን በስሙ ጠራችው፤ የምርጫ ገንዘብ ማጠብ ነው አለች። በሚቀጥለው ዓመት 1 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተጣለ።

ግን አስተውሉ፤ ያ የሆነው ጠንካራ የክፍለ ግዛት ሕግ፣ ቸኩሎ የሚሠራ ተቆጣጣሪና እሑድ የሚቀመጥ ፍርድ ቤት ስለተገናኙ ነው። ያም ሆኖ መራጩ የሰማው ድርጅት እንጂ ሰው አይደለም።

ኦሃዮ ላይ ደግሞ መጋረጃው ወንጀል ሸፈነ። ፈርስት ኢነርጂ የተባለው የመብራት ኩባንያ ሁለት የኒውክሌር ማመንጫዎቹን ከኪሳራ የሚያድን ሕግ ፈለገ። በጠቅላላው ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ገንዘብ ጀነሬሽን ናው ወደተባለ የሲ 4 ድርጅት ፈሰሰ። ድርጅቱን በስውር የሚመራው ላሪ ሃውስሆልደር የተባለ ፖለቲከኛ ነበር። በገንዘቡ የእሱ ደጋፊዎች ተመረጡ፤ እሱም በ2019 የኦሃዮ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ሕጉ ጸደቀ፤ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚገመተው ሸክም በሕዝቡ የመብራት ክፍያ ላይ ተጫነ። ዜጎች ሕጉን በሕዝበ ውሳኔ ለማስሻር ፊርማ ማሰባሰብ ሲጀምሩ ቴሌቪዥኑ በማስታወቂያ ተጥለቀለቀ፤ ቻይና የመብራት መስመራችሁን ልትይዝ ነው፣ አትፈርሙ የሚል። የመብራት ደንበኛው እያስፈራራው ያለው ድምፅ ወርኃዊ ቢሉን ከሚልክለት ኩባንያ ገንዘብ እንደተቀዳ አላወቀም። ሃውስሆልደር በ2020 ተያዘ፤ በ2023 ጥፋተኛ ተብሎ 20 ዓመት ተፈረደበት። ኩባንያው 230 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ሲስማማ፣ በሲ 4 ድርጅቶች የተጠቀመው ክፍያውን ለመሰወር እንደነበር አምኗል። ድርጅት ማቋቋሙ ሕጋዊ ነው፤ ማስታወቂያ ማሠራቱ ሕጋዊ ነው፤ ወንጀሉ ጉቦው ነበር። ሕጋዊው መጋረጃ ግን ጉቦውን ከዓይን ጋረደው።

እዚህ ላይ አንድ አዋቂ ሰው እጁን ያነሣል። «ስም መሰወር ሁልጊዜ ክፉ ነው ወይ? እኛ ዘንድ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ ሰጥቶ ስሜ አይጠራ የሚል ሰው አይደለም ወይ የሚከበረው?» እውነት ነው። የዚህ ክርክር ሌላው ወገን ደግሞ ከዚህም የጠነከረ ታሪክ አለው፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም።

በ1956 የአላባማ ክፍለ ግዛት የጥቁሮችን መብት የሚያስከብረውን ማኅበር፣ ኤንኤኤሲፒን፣ የአባሎችህን ስም ዝርዝር አስረክብ አለው። ጊዜው በሞንትጎመሪ የአውቶቡስ አድማ የሚካሄድበት ነው። በዚያ ዝርዝር ስሙ የወጣ ሰው ሥራውን ሊያጣ፣ ቤቱ ሊቃጠል ይችላል። ማኅበሩ እምቢ አለ፤ 100,000 ዶላር ተቀጣ። በ1958 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ለማኅበሩ ፈረደ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ማርጋሬት ማኪንታየር የምትባል የኦሃዮ ሴት የትምህርት ቤት ግብርን የሚቃወም ወረቀት ስሟን ሳትጽፍ አድላ 100 ዶላር ተቀጣች፤ በ1995 ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሻረ፤ እሷ ግን ፍርዱን ሳታይ ሞታ ነበር። ስውር ገንዘብን የሚደግፉ ጠበቆች እነዚህን ሁለት መዝገቦች ሳይጠቅሱ አይናገሩም።

እኔ ሁለቱም ፍርዶች ልክ ናቸው እላለሁ። ግን ማን ከማን እንደተሰወረ ተመልከቱ። በአላባማ ደካማው ከመንግሥት ተሰወረ። በኦሃዮው የመብራት ጉዳይ ኃይለኛው ከሕዝብ ተሰወረ። ፍርድ ቤቱ ራሱ ልዩነቱን ያውቀዋል፤ ስሙ ቢወጣ ጥቃት እንደሚደርስበት ሊያሳይ የሚችል ቡድን ከመግለጽ ግዴታ ነፃ ሊሆን ይችላል ብሎ በ1976 ጽፏል፤ በ1982ም ለአንድ ትንሽ የሶሻሊስት ፓርቲ ይህን አድርጎለታል። የምጽዋቱም ነገር እንዲሁ ነው። ስሜ አይጠራ ያለው ምእመን በምላሹ ከምእመናኑ ምንም አይፈልግም። ማስታወቂያ የሚያሠራው ሰው ግን የሚፈልገው ነገር አለ፤ የሚፈልገውም የእናንተን ድምፅ፣ በድምፃችሁም ሕግ ነው።

ይህ የአንድ ፓርቲ በሽታ ነው ብላችሁ እንዳትሄዱ። ከ2010 በኋላ በነበሩት ዓመታት ስውሩ ገንዘብ ወደ ሪፐብሊካኖች ያደላ ነበር። በ2020 ደግሞ ሲክስቲን ሰርቲ ፈንድ የተባለው ለዲሞክራቶች ቅርብ የሆነ ድርጅት ብቻውን 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቷል። በ2022 ባሪ ሲድ የተባሉ አንድ ነጋዴ 1.6 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ኩባንያቸውን በወግ አጥባቂው ሊዮናርድ ሊዮ ለሚመራ ተቋም መስጠታቸው በጋዜጦች ወጣ፤ በጋዜጦች ባይወጣ ኖሮ አናውቀውም ነበር። የሰጪዎችን ስም የሚያስገልጽ ረቂቅ ሕግ በሴኔት በ2010 አንድ ድምፅ ጎድሎበት ወድቋል፤ በ2022 ደግሞ 49 ለ49 ሆኖ ቀረ። ሕዝቡ በቀጥታ ሲጠየቅ ግን መልሱ ሌላ ነው። በ2022 በአሪዞና፣ ትልቅ የምርጫ ማስታወቂያ የሚያሠራ ሁሉ የገንዘቡን የመጀመሪያ ምንጭ ይግለጽ የሚለው ሐሳብ 72 ከመቶ ድምፅ አገኘ። ሕጉ ድርጅቱን ሳይሆን ከድርጅቱ ጀርባ ያለውን ሰው ይጠይቃል፤ ሽንኩርቱን እስከ እምብርቱ ይልጣል።

እስከዚያው ምን እናድርግ? አንድ የሚቻል ነገር ልንገራችሁ። የቴሌቪዥን ጣቢያ ሁሉ የፖለቲካ ማስታወቂያ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት፤ መዝገቡም በፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ነው። ማን እንደገዛው፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚተላለፍ፣ ስንት እንደተከፈለ፣ የድርጅቱ ኃላፊዎች እነማን እንደሆኑ ይገኝበታል። እንግሊዝኛውን የሚያነቡ ልጆቻችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና አንድ ማታ ሞክሩት። የግጥም ሰጪውን ስም አታገኙም። የአዝማሪውን ክፍያ ግን እስከ ሳንቲሙ ታገኛላችሁ። ሌላም እወቁ፤ ጣቢያው የዕጩን ማስታወቂያ መቁረጥ አይችልም፤ የሦስተኛ ወገንን ግን አልቀበልም ማለት ይችላል፣ ሐሰት ካስተላለፈም ሊጠየቅበት ይችላል። ስለዚህ ውሸት ያያችሁ እንደሆነ ለጣቢያው ደውሉ። «ደውሉ» ማለት አንድ ጊዜ እንኳ ሰምና ወርቅ ሳይኖረው ይነገር።

የመጣሁበትን ነገር ላጠቃልል። አዝማሪው ዝም ይበል ያለ የለም። ሀብታሙም ስንኝ አይስጥ ያለ የለም፤ ፍርድ ቤቱ ይናገር ብሏል፣ ይናገር። ነገር ግን ንግግር ነፃ የሚሆነው በሁለት ወገን ነው፤ ተናጋሪው መናገር ሲችል፣ የተነገረበትም መመለስ ሲችል። ኦሃዮ ውስጥ ስለ ቻይና የተነገራት እናት ከመብራት ኩባንያው ጋር መከራከር አልቻለችም፤ ከእሱ ጋር እየተነጋገረች መሆኑን አላወቀችማ። በ2010 ፍርድ ቤቱ የተናጋሪውን ግማሽ ሰጠ፤ የመላሹን ግማሽ ደግሞ ሕግ አውጪው ከፈለገ መስጠት ይችላል ብሎ በሩን ክፍት ተወው። በሩ ዛሬም ክፍት ነው፤ ገና አልተገባበትም።

አሁን ተራው የእናንተ ነው፤ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። ስማችሁን ተናግራችሁ ጠይቁኝ፤ እንድመልስላችሁ።